የወፍጮ ቤቱ የመጨረሻ ሸክላ

ትኩስ ዱቄት ሲሸተኝ የጣሊያን ዘፈን ይሰማኛል። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። በቀደም ዕለት በቆሎ ላስፈጭ ሄጄ፣ ገና ከበሩ ሳልደርስ ያ ከድንጋዩ ሥር ሞቆ የሚወጣው ዱቄት አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ያቺ ሴትዮ ጆሮዬ ውስጥ ተነስታ መዝፈን ጀመረች። የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ «እማማ፣ ደከመዎት እንዴ? አረፍ ይበሉ እንጂ» አለኝ። ምን ልበለው? ኦፔራ እየሰማሁ ነው ልበለው? ጆንያዬ ላይ ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

ነገሩ የጃንሆይ ጊዜ ነው። ሆሳዕና ያኔ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዝናቧ ግን ያው የዛሬው ዝናብ ነው። ከሰፈራችን በታች፣ እንሰቱ ከሚጀምርበት ጥግ፣ አንድ ጣሊያን ወፍጮ ነበረው። ጦርነቱ አልቆ ጓደኞቹ ሲሄዱ እሱ የቀረ ሰው ነው። ሚስቱ የአንጋጫ ሴት ናት። ሚስቱ ስልሽ በአፍ ነው፤ ሽማግሌ አልተላከም፣ ቤተ ክርስቲያን አልቆሙም፣ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ዘመዶቿ ከአንጋጫ መጥተው ጠይቀዋት አያውቁም። እኛም ሰፈርተኞቹ እህል እናስፈጫለን እንጂ ቤቷ ገብተን ውሃ እንኳ አንጠጣም ነበር።

ባለወፍጮዋ እንበላት። ያኔ እትዬ እያልኩ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ በዕድሜ አልፌያታለሁና እሷ ብላትም አትቀየመኝም።

ጣሊያኑ ሞተሩ ሲግል ያጠፋዋል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። እሱ ከወፍጮው ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገብቶ የሸክላ ማጫወቻውን በእጁ ይጠመዝዛል። ሸክላዎቹ በቀይ ጨርቅ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሁሉም የአንድ ኦፔራ ናቸው። ሌላ ዘፈን አልነበረውም፣ የሚፈልግም አይመስለኝም። ሴቶቹ፣ «ደግሞ ጀመረው፣ ይቺ ፈረንጅ ዛሬም ሆዷን አሟታል» ይሉና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ግን ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እቀራለሁ።

ወደድኳት። በቃ፣ ሌላ ምን ይባላል? የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ስለነበርኩ ድምፅ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እኛ ስንዘምር ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስንደርስ እንጮኻለን። ያቺ ሴትዮ ከፍ ስትል አትጮኽም፤ ጭራሽ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ እየጠራ፣ ማለዳ ጭሱ ከሣር ክዳን ላይ ሲነሳ እንደምታይው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ወንዱ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲዘፍኑ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርስለታል፤ ሲጣሉም ያምራሉ። ደግሞ አንድ መለከት ነበር፣ ወፍራም፣ ከሩቅ የሚመጣ። ሁለቱ ደስ ባላቸው ቁጥር እሱ ከኋላ ብቅ ይላል። እሱን ስሰማ ጆሮዬን ከግድግዳው አነሳ ነበር። ቃሉን አንድም አላውቅም፤ ግን እመኚኝ፣ ሁሉም ይገባኝ ነበር።

እናቴ ይህን ብታውቅ አለቀልኝ። እናቴ አማኝ ናት፣ ቀልድ የለም። «ዓለማዊ ዘፈን የለመደ ጆሮ መዝሙር አይጥመውም» ትላለች። ወፍጮ ቤት ስትልከኝም፣ «አስፈጭተሽ ቀጥ ብለሽ ነይ፣ እዚያች ሴትዮ ቤት እግርሽ እንዳይገባ» ብላ ነው።

ከዚያ አንድ ክረምት ጣሊያኑ ታመመ። ሳሉ አልለቅ ሲለው በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። ባለወፍጮዋ ልትሄድ ተነስታ ነበር፤ «ወፍጮው እንዳይቆም፣ እመለሳለሁ» ብሎ አስቀራት። አልተመለሰም። እዚያው ሞተ፣ የአገሩ ሰዎች እዚያው ቀበሩት።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ ዘመድ አጠገቧ ሆኖ ነው። ለእሷ የነገራት የጭነት መኪናው ሹፌር ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ እጇ ቋቱ ውስጥ እንዳለ። እኔ ወረፋ ይዤ ነበር፣ ዓይኔ እያየ ነው። እጇን ከዱቄቱ አውጥታ ቆመች። የተቀመጡትን ሴቶች አየች። ማንም አልተነሳም። ክፋት አይደለም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። ኦርቶዶክሶቹ፣ «ካቶሊክ ነው፣ የእኛ አይደለም» ብለው ያስባሉ፤ የእኛዎቹ ወንጌላውያን ደግሞ፣ «በኃጢአት ነው የኖሩት» ብለው። እሷ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ፣ «ተረኛ!» አለች። ተረኛዋ ጆንያዋን አመጣች፣ እሷም ፈጨችላት።

ድንኳን አልተጣለም። አብሯት ያደረ ሰው የለም። ከዚያ ቀን ወዲያ ማጫወቻው ዝም አለ፣ እሷንም ስትስቅም ስታለቅስም ያየ የለም።

እኔ ደግሞ ዘፈኗ ናፈቀችኝ። ሞተሩ በቆመ ቁጥር ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ አያሰሙኝም?» እላታለሁ። «ሂጂ ወደዚያ!» ትለኛለች። በሚቀጥለው ደግሜ እጠይቃለሁ። መጥረጊያ አንስቼ ወፍጮ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ጆንያ አሸክማለሁ፣ ደግሜ እጠይቃለሁ። «አንቺ ልጅ፣ እንደ መዥገር ተጣበቅሽብኝ እኮ!» አለችኝ አንድ ቀን፤ የአንጋጫ አማርኛዋ ስትቆጣ የበለጠ ይንገዳገዳል። «ተጣብቄያለሁ» አልኳት። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች። በሩንም ከፈተችልኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ ገብቼ እሰማለሁ። ታሪኩንም እሷ ነገረችኝ፤ ለእሷ የነገራት ጣሊያኑ ነው። ልጅቷ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ትወዳለች። ወንድሟ ከቀዛፊው ቤተሰብ ጋር ደም አለበት። ያ መለከት የወንድምየው ነው።

«መጨረሻው ምንድነው?» አልኳት።

«ይታረቃሉ። ይጋባሉ።»

ግን እዚያ ጋ አላደረሰችኝም። ሣጥኑ ውስጥ የመጨረሻው ሸክላ ሳይነካ ይቀመጣል። ሌሎቹ መርፌ በልቷቸው፣ ዱቄት ጠጥተው ግራጫ ሆነዋል፤ እሱ ጥቁር፣ ፊትሽን ያሳያል። ጣሊያኑ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ሲደርስ ያቆም ነበር አለችኝ። «ይኼ ሠርጉ ነው፣ ሠርግ ሁሉ አንድ ነው፣ ምን ያደርግልሻል ይለኛል።» ሸክላው የሠርግ ዘፈን ያለበት መሆኑን አምና ይዛዋለች። የራሷ ሠርግ ስላልነበረ ይመስለኛል፣ ሸክላውን በንጹህ መሐረብ ጠቅልላ ነበር የምታስቀምጠው።

እኔ ግን አላመንኩም። «እትዬ፣ ሠርግ ከሆነ ያ መለከት ለምን እየቀረበ ይመጣል?» አልኳት።

«ምን አገባሽ! ያስታርቋቸዋል አልኩሽ።»

«ልጅቷ አታገባም።»

«ታገባለች!» ብላ ጮኸችብኝ። ለሳምንታት ተሟገትን። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ እናቴ «በቅሎ» ትለኝ ነበር። መጨረሻውን ሳልሰማ እንደማልሞት ለራሴ ምዬ ነበር።

አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት፦ «እሳቸውስ ይህን ሸክላ ሰምተውት ያውቃሉ?»

ሣጥኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ «አንዴ። ድሮ፣ በሩን ዘግቶ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ምነው ስለው፣ ዱቄት ገባብኝ አለ» አለች። የተናገረችውን ራሷ ሰማችው መሰለኝ። እሱ ሸክላ ሲያጫውት ወፍጮው እኮ ሁልጊዜ ቆሞ ነው፤ ዱቄቱ ከየት መጣ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስሄድ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ዝናቡም እያካፋ ነው። ማጫወቻውን ብርሃን ፍለጋ መስኮቱ ሥር አድርጋዋለች። መሐረቡን ፈታች። «ዋሽቶኝም ከሆነ ልወቀው» አለችኝ። ማዞሪያውን እኔ ጠመዘዝኩ።

መለከቱ አልነበረም። ሠርግ እንዳልሆነ መጀመሪያ የነገረኝ የመለከቱ መጥፋት ነው፤ ወንድምየው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ ከሥሯ አንድ የማሲንቆ ዓይነት ክር ብቻ ያንጎራጉራል። ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ላይ የምትወጣው ሴት ወደ ታች ወረደች፤ ወለሉ ላይ የተኛ ሰው እንደምታናግር፣ ተነስ እንደምትል። አይነሳም። ደግማ ትጠራዋለች። ከዚያ ከሆዷ የወጣው ድምፅ፣ ልጄ፣ ስንት ዓመት ሆነው፣ እነሆ ክንዴን እዪው፣ ዛሬም ፀጉሩ ይቆማል። ወዲያው ከሩቅ ሴቶች መጡ፤ ብዙ ሴቶች፣ የመንደሩ ሴቶች መሆን አለባቸው፣ አብረዋት እያለቀሱ፣ እየቀረቡ።

ባለወፍጮዋ ብድግ አለች። «ይኼ ሠርግ አይደለም» አለች። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ እሱ እዚያ የቆመ ይመስል፣ «ውሸታም! ሠርግ ነው አላልከኝም? ውሸታም!» እያለች ደረቷን መታች። ያ ቋቱ አጠገብ የዋጠችው ልቅሶ ሁሉ ወጣ። የእሷን ለቅሶ ከሸክላዋ ሴት ለቅሶ መለየት አቃተኝ። እኔም አለቀስኩ።

የሚያውቀው ዘፈን ቢሆን ሰፈርተኛው አይነሳም ነበር፤ «ፈረንጇ ናት» ብሎ ይቀመጣል። ይኼን ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። በዝናብ ውስጥ፣ በመስኮት፣ የሴቶች ለቅሶ ነው የሰሙት። እኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ከተሰማ የማን ቤት ነው ተብሎ አይጠየቅም፣ ይሮጣል። በሩ ተበረገደ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዳንዷ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ፣ እያለቀሱ ገቡ። ከፊት ያለችው እናቴ ናት።

«ማነው? ማነው የሞተው?» አለች።

«ባሌ ነው» አለች ባለወፍጮዋ።

ከኋላ አንዷ፣ «እንዴ፣ እሱ ከሞተ ዓመት አልፎት የለም ወይ?» አለች።

«አዎ። እናንተ ግን ዛሬ ነው የመጣችሁት።»

ሸክላው አልቆ መርፌው ክርር፣ ክርር ይላል። እናቴ ወደ ድምፁ ዞረች፤ ማጫወቻውን አየች፤ ከአጠገቡ እኔን አየች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ጆሮዬን ይዛ ልታወጣኝ ነው፣ ሴቶቹም ተሳስቀው ሊመለሱ ነው፣ ባለወፍጮዋም ዳግመኛ አታለቅስም አልኩ በልቤ። እናቴ በሀዲይኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አንሺው» አለችኝ። መርፌውን አነሳሁት። ከዚያ እናቴ ወለሉ ላይ፣ ከባለወፍጮዋ ጎን ተቀመጠች። «እግዚአብሔር ያጽናናሽ፣ እህቴ። ዘገየን» አለቻት። እሷ ስትቀመጥ ሁሉም ተቀመጡ።

ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ተደረገ። ንፍሮ ተቀቀለ፣ አግዳሚ ወንበር ከየቤቱ መጣ። ወሬው አንጋጫ ደርሶ ዘመዶቿም መጡ፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ያን ዕለት ማታ ከእናቴ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ቁጣዋን እየጠበቅኩ ነበር። ግማሽ መንገድ ስንደርስ፣ «ያቺ ሴትዮ... የሸክላዋ... ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ።

«የምትወደው ሰው። ወንድሟ ገድሎባት።»

«ወይኔ! ወንድሟ?» ብላ ቆመች። «አገራቸው ሽማግሌ የለም እንዴ?» ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «እንዲህ አድርጋ የምታለቅስ ሴት ግን አይቼ አላውቅም» አለች። ስለ ዓለማዊ ዘፈን ከዚያ ወዲያ አላነሳችብኝም።

ባለወፍጮዋ አሁን የለችም፣ ወፍጮውም የለም። ኦፔራውን ግን አንድ የልጅ ልጄ ፈልጎ ስልኬ ላይ ጫነልኝ፤ ሙሉውን፣ ያለ ክርክርታ። እናቴ አርጅታ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ከሰዓት ከሰዓት፣ «እስቲ ያቺን ሴትዮ አምጫት» ትለኝ ጀመር። አጠገቧ አድርጌላት እንሰማለን። መጨረሻው ላይ፣ ልጅቷ ብቻዋን ስትቀር፣ እናቴ እጄን ትይዛለች። የመንደሩ ሴቶች ከሩቅ ሲመጡ ትለቀኝና፣ «ደረሱላት» ትላለች። ሁልጊዜ፣ አዲስ እንደሰማ ሰው፣ «ደረሱላት» ትላለች።

እናቴም ሄደች። በቀደም ወፍጮ ቤት ስቀመጥ እስከ መጨረሻው ሰማኋት ያልኩሽ ለዚህ ነው። የመንደሩ ሴቶች ሲመጡ እንደ እናቴ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እኔው በአፌ አልኩት።

የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ «ምን አሉኝ፣ እማማ?» አለኝ።

«ደረሱላት» አልኩት።