ከቅርፊቱ ስር

የጫካው ዘበኛ ነፍሳት ልታጠና የምትመጣውን ሴትዮ ሲያይ ደሙ ይፈላል። የእግዜር ሰላምታ ነፍጋው ታልፍና ካፖርቷን እየጎተተች የዛፍ ቅርፊት በቢላዋ ትፈለቅቃለች። ከስሩ ጭራቸው እንደ ጉጠት የተሰነጠቀ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ።

«እነዚህ ነፍሳት ዛፉን ሊጨርሱት ነው!» አላት አንድ ቀን፣ የመድኃኒት መርጫውን አንግቶ።

«እጅህን ሰብስብ! ሲመሽ ወጥተው የሚበሉት በግንዱ ላይ እንደ ሽበት የበቀለውን ሻጋታና የቅጠሉን ቅማል ነው። ከአንተ የተሻሉ ዘበኞች ናቸው።»

ንግግሯ አንጀቱን አሳረረው። ሌሎቹ ነፍሳት ከብርሃኑ ሲሸሹ አንዷ እንቁላሎቿን ታቅፋ ቀርታለች።

«እሷ እንኳ እናት ሆናለች፤ አንቺስ ልጅ አለሽ?» አላት ሊወጋት።

ሴትዮዋ ቅርፊቱን ቀስ ብላ መልሳ ከደነችው።

«አንድ ነበረኝ። አሁን ረካህ?»

ይቅርታ ሊላት አፉን ቢከፍትም ጀርባዋን ሰጥታው ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደች።