ትንሿ ትራይፖድ

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው፤ ቅናቱ ግን ከሙያው ይበልጣል። ታናሽ ወንድሜ ከስቱዲዮአችን ፊት ለፊት የጉርድ ፎቶ ቤት ከከፈተ ወዲህ የባሌ ዓይን ከወንድሜ ትራይፖድ ላይ አልነቀል አለ። ትራይፖዷ፣ ባለ ሦስት እግሯ ማቆሚያ፣ እጥፍጥፍ ብላ ኪስ ትገባለች። «ወንድምሽ ደንበኞቼን የወሰደብኝ በእሷ ነው» እያለ አምስት ወር ሙሉ ነጋ ጠባ አደረቀኝ።

ሲብስበት ልንገዛ ሄድን። ሻጩ የባሌን ካሜራ በእጁ መዘን መዘን አድርጎ፣ «ይቺ የምትችለው ስልክ ብቻ ነው። ለዚህ ወፈር ያለችውን ይውሰዱ» አለው።

«የእሱ ዓይነት ካልሆነ አልፈልግም!»

ቅናት የያዘው ሰው ምን ጆሮ አለው? በማግስቱ ካሜራውን ጫነባት። እግሮቿ ተብረከረኩ። ካሜራው በአፍጢሙ ሊደፋ ሲል፣ ሰላም ሊለን የገባው ወንድሜ ከአየር ላይ ቀለበው።

«ምነው ጋሼ! እኔ እኮ ይቺን የገዛሁት በስልክ ስለምሠራ ነው። እንዳንተ ያለ ካሜራ ቢኖረኝማ...» አለና ካሜራውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቀረ። ባሌ እጁን ቢዘረጋም ዓይኑን ከካሜራው ላይ አልነቀለም፤ ቶሎም አልሰጠውም።

ያንን አስተያየት አወቅሁት። አምስት ወር ሙሉ ከባሌ ጋር ቁርስ ስንበላ ሳየው የከረምኩት ነው።