የአባ ይርጋ መኪና በር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ጎንደር ላይ ስድስተኛ ክፍል ነው የቆመው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ስለ ቀለም ሥራ ጻፊ ስላሉኝ ነው።

ናታንያ ከተማ፣ በዕብራይስጥ ሙሳክ የሚሉት የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሥራ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ሞሪስ አንድ ባልዲ ውሃና ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። "የድሮ መኪና ከሥሩ ምን እንዳለ ሳታውቂ አዲስ ቀለም ከረጨሽበት ይሸበሸባል" አለኝ። ብዙ ጊዜ አሮጌ ቀለም ስፈገፍግና ቀለም እንዳይነካው መስታወት ስሸፍን ቆየሁ።

የቀለም መርጫውን መጀመሪያ ለብቻዬ የያዝሁት በአባ ይርጋ መኪና ነው። አባ ይርጋ እዚያው አቅራቢያ ክፋር ዮና ከተማ የሚኖሩ፣ የኛው አገር ሽማግሌ ናቸው። ሞሪስ "ይህ ካማረ መርጫው ያንቺ ነው፤ ከተበላሸ ወደ ባልዲሽ" አለኝ።

"አባ፣ ከዚህ በፊት ተቀብቶ ያውቃል?"

"ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ማንም አልነካው።"

ጨርቅ በቀለም ማቅጠኛው ቲነር ነክሬ የግራውን የፊት በር ከታች፣ ከማይታይበት አሸሁት። የፋብሪካ ቀለም በቲነር አይፈታም። ይህ ግን ተፈታ፤ ነጩ ቀለም ጨርቁ ላይ ወጣ። ሌሎቹን በሮች ሞከርሁ፤ ጨርቁ ላይ ምንም አልወጣም። ይህ በር ብቻ በኋላ ተቀብቷል ማለት ነው።

ሞሪስን ጠራሁት። "መላጥ አለበት፤ ባለቤቱ ግን ይፍቀድ" አለኝ።

አባ ይርጋ ተቆጡ። "መኪናዬን ልትልጪው? አልተቀባም አልሁሽ እኮ!"

"ካልፈቀደ እንዲሁ ርጪው፤ ሌላ መኪና ወረፋ ይጠብቃል" አለ ሞሪስ።

ጨነቀኝ። እንዲሁ ብረጨው የበሩ ቀለም ተሸብሽቦ ይነሳል። ሽማግሌን በሰው ፊት ተሳስተዋል ማለት ደግሞ እንዴት ይሆናል? ውሃ በብርጭቆ ይዤ ከመኪናው ጀርባ ወሰድኋቸው።

"አባ፣ እርስዎ ሳያዩ ሌላ ሰው ነክቶት ይሆን?" አልሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ወደ ሞሪስ ዞር አሉ። "ይህ ፈረንጅ ይሰማል?"

"አማርኛ አያውቅም።"

እንደዚያም ሆኖ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ ነው። ወታደር ሳለ ከግድግዳ አጋጭቶት፣ እኔ ሳላይ በቆርቆሮ የሚነፋ ቀለም ገዝቶ ቀባባው። እናቱ ነገረችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እንዳላወቀ ሆኛለሁ። አሁን ሊያገባ ነው፤ መኪናውን ለሱ ነው የማሳምረው። ዛሬ በሰው ፊት አውጥቼ በሙሽርነቱ ላሳፍረው?"

"እርስዎ አላወቁም፣ አባ። እኔም አልሰማሁም።"

ውሃውን ጠጡ። "በይ ላጪው፣ የኔ እናት።"

በሩን እስከ ብረቱ አወረድሁት። የአሮጌው ቀለም ጠርዝ ከቀረ እዚያው ጋ ስለሚነሳ ምንም አላስቀረሁም። ቅባቱን ጠርጌ ኢፖክሲ ፕራይመር የሚባለውን መነሻ ቀለም ረጨሁና እንዲደርቅ አሳደርሁት።

በማግሥቱ መጀመሪያ የረጨሁት እንደ ጉም የሳሳ ነበር። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። መብራቱን ወደ በሩ አጋድሜ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አየሁ፤ ሽብሽብ የለም። ሁለተኛውን ረጨሁ፤ አሁንም የለም። ከዚያ በኋላ ነው ልቤ ያረፈው።

የድሮ መኪና የምትቀቡ ባለቤቱን ለብቻው ጠይቁ። የነገራችሁንም ቢሆን በቲነር ሞክሩ።

ቀለሙ ሲደርቅ ሞሪስ በሩን በመዳፉ ዳሰሰው።

"ምን ብለሽ አስፈቀድሽው?"

"ለመንኋቸው።"

መርጫውን አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "ያንቺ ነው። ከነገ ጀምሮ ግን ደንበኛ ሲመጣ የምታናግሪውም አንቺ ነሽ።"