ፊታውራሪው ጻድቅ ሊሆኑ ሲሉ

ቅዳሜ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አውቶቡስ ተራ

የቀበሌ የይለፍ ወረቀቴ በኪሴ፣ ቡርሾቼ በጨርቅ ተጠቅልለው በእቅፌ ናቸው። ወደ አዋሳ የምሄደው የገዛ አባቴን ሥራ ላበላሽ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት የአንድ ፊታውራሪን ምስል ሣለ፤ አሁን የፊታውራሪው ልጅ ወይዘሮ ጽጌ "ካባውንና ጎራዴውን አጥፋልኝ" ብለው ላኩብኝ። የፊውዳል ምልክት ይዘዋል የሚል ጥቆማ ለቀበሌው ደርሶ፣ ሊቀመንበሩ እሑድ ሊያይ ይመጣል። እምቢ እንዳልል፣ ሥዕሉ ከተወሰደ ወሬውም አይገኝ።

5 ሰዓት፣ ዝዋይ

ኬላው ላይ ፈታሹ ቀለሜን ከፍቶ አሸተተና ምን ልቀባ እንደሆነ ጠየቀኝ። ግድግዳ አልኩት። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ ሳቀ፤ አላመነኝም። የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ፣ አንድ ብር። ሆድ ሲከፋው ምግብ አይጣፍጥም ይላሉ፤ የኔ ግን አጥንቱን ጋጠ።

9 ሰዓት፣ አዋሳ

ቤቱ ታቦር ተራራ ሥር ነው። ወይዘሮ ጽጌ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አረፍ በል እንኳ ሳይሉኝ ወደ ጓዳ ወስደው ሥዕሉን አወጡት።

ኮራሁ። ፊታውራሪው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በቀኝ እጃቸው መስቀል፣ በጎናቸው ጎራዴ፣ በትከሻቸው በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ። ከበላያቸው እመቤታችን አለች። በኛ ሙያ ኃጢአተኛ በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። አባቴ ለፊታውራሪው ሁለቱንም ዓይን ሰጥቷቸዋል።

ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ላሳያቸው ብዬ ካባውንና ጎራዴውን በነጠላ ሸፈንኩ። ፊትና መስቀል ብቻ ቀሩ። በዚህ መሃል አዲሷ ጎረቤታቸው እማማ ብርቄ ስኳር ሊዋሱ ገቡ። ሥዕሉን ሲያዩ ጫማቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። የትኛው ጻድቅ እንደሆኑም ጠየቁኝ።

ወይዘሮ ጽጌ ክው አሉ። ስኳሩን ሰጥተው እማማ ብርቄን ሸኙና በሩን ዘጉ።

"አባቴ ጻድቅ ቀርቶ፣ በቤተ ክርስቲያን ሁለት ጊዜ የተወገዙ ሰው ናቸው" አሉኝ ከዚያ። "በሕዝብ አላሳልማቸውም። ግለጠው ልጄ፤ የመጣው ይምጣ።"

ነጠላውን አነሳሁ። ፈርቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል።

እሑድ፣ 3 ሰዓት

ሊቀመንበሩ ዳንጊሶ ብቻውን መጣ፤ የዚሁ አገር የሲዳማ ገበሬ ልጅ ነው። ወይዘሮ ጽጌ ቀጥ ብለው ቆሙ። በሥዕሉ ያሉት አባታቸው መሆናቸውን፣ ካባውን ሊያስጠፉ እንደነበር፣ የእማማ ብርቄንም ነገር አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ዳንጊሶ ወደ ሥዕሉ ተጠግቶ ጎራዴውን በጣቱ ነካ።

"እትዬ ጽጌ" አለ፣ "አባቴ የእርስዎ አባት ጭሰኛ ነበር። ጎራዴውን አጥፍተውት ቢሆን፣ ለጻድቅ ነው የገበረው ልንል ነበር? እንዳለ ይቀመጥ። ልጆቼን አመጣቸዋለሁ፤ ይዩት።"

ወይዘሮ ጽጌ አንገታቸውን ሳይደፉ "ይምጡ" አሉ።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ሠዓሊው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

"አባቴ ነው" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።