ከመርከቧ የወጣው ክፍል

ሳን ሊያንድሮ በሚገኘው የሊንዳ የእንጨት ሥራ ቤት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ መጥረጊያ ነበር። አዲስ አበባ ስንት ቡፌና አልጋ የሠራሁ፣ ሰው ቀጥሬ ያሠራሁ አናጢ ነኝ፤ ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ መጥረጊያ ስጨብጥ ቆሽቴ አረረ። ገና ግማሹን ሳልጠርግ ሊንዳ መጣችና ሰጋቱራውን አንድ ላይ በመከመሬ አስቆመችኝ። የጥዱን ሰጋቱራ ፈረስ ለሚያረቡ ሰዎች ትሰጣለች፤ የዋልነቱ ግን ፈረስ ሥር ከተነጠፈ እግሩን ያሳብጠዋል። ዋልነት የሚባል እንጨት በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። የቀረውን ሰጋቱራ እያሸተትኩ ስለይ ዋልኩ፤ ንዴቴም በዚያው በረደ።

ሊንዳ ሥራ ቤቱን ከፖርቹጋላዊ አያቷ የወረሰች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት ናት። ስትናደድ ድምጿን አትጨምርም፤ ትቀንሳለች። ጨርሳ ዝም ካለች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ ዘወር ማለት ነው። ሥራ ስትሰጥ አታብራራም፤ ራሷ አንዴ ትሠራና ትሄዳለች።

ሄልፐር ሆኜ ጀመርኩ። ቀጥሎ ማሽን ላይ ወጣሁ፤ በመጨረሻ የራሴ ቤንች፣ የራሴ መሥሪያ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። በእኛ ሥራ ቤት ቤንች የተሰጠው ሰው አናጢ ነው። ሊንዳ ራሷ እንኳ ሳታስፈቅደው መዶሻ አታስቀምጥበትም።

ከዚያ በኋላ ሥራው እያደር ከሳ። የኪችን ካቢኔት በካርቶን ታሽጎ መምጣት ጀመረ። ተከፍቶ ሲታይ ችፑድ ነው፤ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶ የተለጠፈበት። እኛ ሳኒቬል የሚባል ከተማ እየሄድን፣ ኢንጂነሮች ቤት ግድግዳ ላይ በቪቴ ማሰር ብቻ ሆነ ሥራችን። መላጊያዬ ዛገ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ ሊንዳና እኔ ብቻ ቀረን።

ባለቤቴ ሰናይት ሆስፒታል ነርስ ረዳት ናት፤ ከእኔ ይልቅ ነገር ቶሎ ይገባታል። ታናሽ ወንድሟ ብሩክ የራሱ ትራክ አለው፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ያመላልሳል። አንተም እንደሱ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አውጣ እያለች ስትወተውተኝ ከረመች። አንድ ቀን እራት ላይ፣

«ጌቱ፣ አንተ የምትወደው እንጨቱን ነው። እንጨቱ ግን ከሥራው ከወጣ ቆየ እኮ» አለችኝ።

ለሹፌርነት ትምህርቱ ተመዘገብኩና ለሊንዳ ነገርኳት። አልተቀየመችም። እንዲያውም እሷም ሥራ ቤቱን ልትለቅ መሆኑን ለአከራይዋ መናገሯን ያን ቀን ነው የሰማሁት። አንድ የመጨረሻ ሥራ አለ፣ እሱን ጨርሰን እንለያይ አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሥራው ኦክላንድ ዳር በቆመች አሮጌ የመንገደኞች መርከብ ላይ ነበር። በጉብዝናዋ ፓስፊክን እያቋረጠች ሀብታም ስታመላልስ የኖረች ናት። ሰው በአውሮፕላን መሄድ ሲለምድ መዝናኛ ሆነች፤ ከዚያ ባለችበት ታስራ ሆቴል ሆነች፤ ሆቴሉም ከሰረ። እኔ ሳያት ነጩ ቀለሟ ተላልጦ ዝገቱ ከየመስኮቱ ሥር ወርዷል። ምንጣፉ ላይ እንጉዳይ በቅሏል፣ ጭስ ማውጫዋን ወፎች ወርሰውታል። ያም ሆኖ ኩራቷ አልለቀቃትም። እሜቴ የሚል ስም አወጣሁላት፤ ሊንዳም ትርጉሙን ስነግራት እሜቴ ትላት ጀመር።

እሜቴ ተሸጣ ነበር። በጎታች ጀልባ ተወስዳ ብረቷ ሊቆራረጥ ነው። ከዚያ በፊት የሚሸጥ ዕቃ እንዲወጣ ተብሎ ሥራውን ራስል የሚባል የቦታው ኃላፊ ይመራል። ጤና የሚጎዳውን አስቤስቶስ የሚያነሱት ቀድመውን ገብተው ጨርሰዋል። የእኛ ድርሻ የእንጨት ግድግዳውን ማውረድ ነው። ራስል በኤሌክትሪክ መጋዝ እየቆረጣችሁ አውጡት፣ ጣውላ ጣውላ ነው አለን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ማስለቀቅ ነው።

በላይኛው ወለል የንባብ ክፍሏን ስንከፍት ግን ሁለታችንም በሩ ላይ ቀረን። ግድግዳው ክብ ሆኖ ከወለል እስከ ጣሪያ በዋልነት ሰሌዳ ተሸፍኗል። በእንጨቱ ላይ የሌላ ቀለም እንጨት እየተከተተ የተሠሩ የባሕር ወፎች ክፍሉን ይዞራሉ። የአንዱ ወፍ ክንፍ ከአንዱ ሰሌዳ ተነሥቶ ቀጣዩ ላይ ያልቃል፤ መገጣጠሚያው ላይ ጥፍር አይገባም። ምስማር የለ፣ ቪቴ የለ። ሆቴሉ በአንድ በኩል ነጭ የጂፕሰም ግድግዳ አቁሞ ቴሌቪዥን ከመስቀሉ በቀር ያበላሸው ነገር የለም። እጄን ሰሌዳው ላይ አሳረፍኩና፣ አላፍርም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ስንት ዓመት የእንጨት ፎቶ ግድግዳ ላይ ሳስር ኖሬ እውነተኛውን ያየሁት ልተወው ስል ነው።

ሊንዳ በዚያው ሰሞን ክፍሉን የሚወስድ ሰው ፍለጋ ስልክ ስትደውል ከረመች። ሳን ሆዜ ውስጥ አዲስ የሠፈር ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ አርክቴክት መጥታ አየችው። ክፍሉ እንዳለ ከወጣ እንወስደዋለን፣ አድሳችሁ የምትተክሉልንም እናንተ ናችሁ፤ ከተቆረጠ ግን ይቅርብን አለች። ሊንዳ እያመነታች ወደ እኔ ዞረች። ይህ ሥራ ከተገኘ ሥራ ቤቱ አይዘጋም። እኔም አናጢ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ካልሆነ ሁለታችንም በዚያው እንሰናበታለን።

እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲሠራ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ እየተነካከሱ ይገባሉ። የገባውን ሰሌዳ የሚቀጥለው ይደብቅለታል፤ ማሰሪያውም ከጀርባ ነው። መጨረሻ የገባችው ሰሌዳ ግን የሚደብቅላት ስለሌለ ከፊት በሆነ ዘዴ መታሰር አለባት። እሷ ከተገኘች ክፍሉ በመጣበት መንገድ ይፈታል። እሷ ካልተገኘች መጋዝ ነው።

እኛም ፍለጋ ጀመርን። ባትሪ ግድግዳው ላይ አስተኝተን በጎን አበራን፣ ምናልባት የተደፈነ ቀዳዳ ጥላ ይጥል እንደሆነ። በጣት አንኳኳን። ቀጭን ስለት በየመገጣጠሚያው ሰደድን። በሩን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ፈተሽን፤ የመጨረሻዋ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ እዚያ ናትና። ምንም የለም። የሠሩት ሰዎች እጃቸው ይባረክ እያልን ጀመርን፤ ቀኑ ሲገፋ ግን ስንረግማቸው ነበር።

ይህ ሳያንስ ራስል መጥቶ ባሕሩ ሊበላሽ ስለሆነ ጎታቹ ጀልባ ቀድሞ ይመጣል አለን። ነገ ከሰዓት ድረስ ካላገኛችሁ መጋዙን አንሡ፣ ከዚያ በላይ ማቆየት በእጄ አይደለም አለ። ሊንዳ ጨርሳ ዝም አለች። እኔም የሹፌርነት ትምህርቱ ሰኞ እንደሚጀምር ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ብሩክ መጣ። ጣውላውን በትራኩ እንዲያነሣልን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ የሚጭነውን አስቀድሞ ሳያይ አይጭንም። ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ወፎቹን ብዙም አላያቸውም። ተመልሶ ወጣና ኮሪደሩን አየ፣ የበሩን ስፋት በክንዱ ለካ።

«ጋሼ፣ ይሄ በየት ገባ?» አለኝ።

በበሩ ነዋ አልኩት።

«በዚህ? ኖ ዌይ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ተርን በጣም ታይት ነው፣ አያዞርም። ይሄ ሰሌዳ ረጅም ነው፣ በዚያ ላይ ጎበጥ ብሎ ከርቭ አለው። እኔ በዚህ ባክ አድርጌ አላስገባውም።»

ታዲያ በየት ይመስልሃል አልኩት።

«እሱን እኔ አላውቅም። እኛ ኮንቴይነር ሎድ ስናደርግ ግን መጨረሻ የገባው በሩ ጋ ነው የሚቀመጠው። እናንተ የተሳሳተ በር ላይ ነው የምትፈልጉት።»

ያለውን ለሊንዳ ተረጎምኩላት። ቀጥ ብላ ወደ ሆቴሉ ጂፕሰም ሄደች። ያ ነጭ ግድግዳ የክፍሉ ስላልሆነ እንደ ቆሻሻ ቆጥረን ዞር ብለን አላየነውም ነበር። ቴሌቪዥን መስቀያውን ነቅለን ጂፕሰሙን በመዶሻ አፈረስነው። ከኋላው ወደ መርከቧ ደጅ፣ ወደ ክፍቱ ወለል የሚወጣ ሰፊ ባለ ሁለት ተካፋች በር ወጣ፤ ሆቴሉ ደፍኖት ኖሯል። ከበሩ ጎን ከሌሎቹ ጠበብ ያለች ሰሌዳ አለች፤ ወፍ የለባትም። ጠርዟ ላይ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ተለጥፏል። ሊንዳ ዘንጉን በመሮ ቀስ ብላ ስታነሣው የናስ ቪቴዎች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው ታዩ።

ሦስታችንም ሳቅን። ብሩክ ምን እንዳገኘን በደንብ ባይገባውም አብሮን ሳቀ።

ሊንዳ ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጠችኝ። ቪቴው ከቆየ በጉልበት አይፈታም፤ ጭንቅላቱ ይበላና ያበቃል። የጭንቅላቱን ስንጥቅ በስለት አጸዳሁ፣ በጋለ ብረት ጫፍ አሞቅሁት፣ ሲበርድ ጠብቄ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ጥቂት ነካሁት፤ ከዚያ ፈታሁ። ሁሉም ታዘዙ። ጠባቧ ሰሌዳ ስትወጣ ጎረቤቷ ወደ ጎን ተንሸራታ መጣች፤ ከዚያ ሌላዋ። ራስል ከሰዓት መጋዙን ይዞ ሲመጣ ግማሽ ግድግዳ ደጅ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አገኘ። መጋዙን አስቀምጦ በአንድ ጫፍ ሰሌዳ ተሸከመልን።

ብሩክ የወደብ ጭነቱን እያደረሰ በመሀል በመሀል እየተመለሰ ሁሉንም ወደ ሳን ሊያንድሮ አጓጓዘ። እያንዳንዷን ሰሌዳ የቆመችበትን ቦታ ጀርባዋ ላይ ጻፍኩ። የመጨረሻው ጭነት የወረደው እሜቴ በምትሄድበት ቀን ጠዋት ነው።

ጎታቹ ጀልባ ሲስባት ከዳር ቆመን ሸኘናት። መጀመሪያ የምትንቀሳቀስ አትመስልም ነበር፤ ከዚያ በእሷና በእኛ መካከል ውኃ ታየ። አዘንኩ፤ ያን ያህል ሰው ያመላለሰች መርከብ በሰው እየተጎተተች ስትሄድ ማየት ያሳዝናል። ሊንዳ ኮፍያዋን አወለቀች። በኋላ ራስል እንደነገረን ከታሰበላት ቦታ በደህና ደርሳ ብረቷ ተቆርጦ ቀለጠ።

ሰኞ ትምህርቱን አልጀመርኩም። ለሰናይት ስነግራት አኮረፈች፤ መብቷ ነው። ከእሷ ጋር ለመታረቅም ለሥራው ስለሚያስፈልግም ቆየት ብዬ ሲዲኤሉን አወጣሁ። ክፍሉን ማደሱ ረጅም ጊዜ ወሰደብን። የተላላጠ ቨርኒሹን አነሣን፣ የጎደለ የወፍ ላባ ከአዲስ እንጨት ቆርጠን ከተትን፣ ወደ ሳን ሆዜም ራሴ እየነዳሁ ወሰድኩት። የሕንፃው ሠራተኞች መጋዝ እንዳያነሡ ብቻ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ሰናይት ከሥራ በቀጥታ፣ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ክፍሉን ቀስ ብላ ዞረችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደክሟት ነበር። የሠፈሩ ሰው መጽሐፍ እየያዘ ይገባል፤ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘርግተው ጋዜጣ ያነባሉ። ሰናይት ወፎቹን በዓይኗ እየተከተለች፣

«እንግዲህ ከዚህ ላስወጣህ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ወንድምሽ ባይመጣ ወጥቼ ነበር» አልኳት።

እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ባለሙያ ሆኜ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሰው ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚዘጋ ቲያትር ቤት ግድግዳ አውርደናል፣ የአሮጌ ፋርማሲ መደርደሪያ አንሥተን ሌላ ቦታ ተክለናል። ሊንዳ ኪራዩን አድሳለች፤ ሁለት አናጢዎችም ቀጥረናል። አዲስ ለሚገቡት የምላቸው ይህን ነው። ከማፍረሳችሁ በፊት እንዴት እንደተገጠመ እወቁ። ከጠፋባችሁ ደግሞ የሙያ ጓደኛችሁን ብቻ አትጠይቁ፤ ዕቃውን የሚያነሣላችሁን ሹፌርም ጠይቁ። እኔ አናጢ ሆኜ የቀረሁት በዚህ ነው።