አጎቷ የተረጎመልኝ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ካህን ባትሆንም፣ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ።

ነርስ ነኝ። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ሰበታ ላይ መምህራንንና ፖሊሶችን አሠለጥን ነበር፤ በቤቱ የተጎዳ ሕፃን እንዴት እንደሚጠየቅ። «ሕፃን ለብቻው ይጠየቃል፤ የቤት ሰው አጠገቡ አይቀመጥም» ብዬ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ጫልቱ የምትባል መምህርት እጇን አወጣች። «ሲስተር፣ ቅጹ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ለኛ ልጆች ምን ይሠራል?» ሠልጣኙ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቂም ያዝኩባት።

ከሰዓት በኋላ ያቺው ጫልቱ ተማሪዋን ይዛልኝ መጣች። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክፍል ውስጥ መናገር ካቆመች ሳምንት ሆኗታል። አሳዳጊ አጎቷ ኦቦ ቶላም ተከትሏቸው መጥቷል። ልጅቷ ከኦሮምኛ በቀር አታውቅም፣ እኔ ደግሞ ከሰላምታ አላልፍም።

«እኔ ላስተርጉም፣ እሳቸው ውጭ ይቆዩ» አለች ጫልቱ።

በሰልፉ ምክንያት መንገድ ሊዘጋ ነው እያለ የሚመልሰኝ መኪና ሾፌር ይጣራል። ግን ለመንገዱ ብዬ ነው? አይደለም፣ ለቂሜ ነው። «አጎቷ ይበቃሉ» አልኩና ጫልቱን አስወጣኋት።

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ብዙ ተናገረች። አጎቷ እስክትጨርስ ጠበቀና «የሰሞኑን ተኩስ ፈርቼ ነው ትላለች፣ ሲስተር» አለኝ። ያን ሁሉ ተናግራ ይቺን ብቻ? ጠርጥሬያለሁ። አዎ፣ ጠርጥሬያለሁ! ግን «ከሁከቱ የመጣ ድንጋጤ» ብዬ ጻፍኩ። ራሷን ዳበስኩና ለሱ አስረከብኳት። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ይኼ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ።

ከሳምንት በኋላ ጫልቱ ደወለች። «አጎቷ ክንዷን ሰበራት፣ ሲስተር። ሆስፒታል ነን። ምን እንደምትለኝ ያውቃሉ? ‹እንደሚገርፈኝ ለሴትዮዋ ነግሬያታለሁ እኮ፣ አትመልሱኝ ብያታለሁ› ትለኛለች።» ስልኩን ዘጋሁት።

ልጅቷ ዛሬ ጫልቱ ቤት ነው ያለችው። እኔ ደግሞ ቡራዩና ሱሉልታ እየዞርኩ አሁንም አሠለጥናለሁ። ይህንኑ ታሪክ «አንዲት ባለሙያ እንዲህ አድርጋ ነበር» እያልኩ አስተምርበታለሁ። ሠልጣኞቹ ሴትዮዋን ይረግሟታል፤ እኔም አብሬያቸው እረግማታለሁ።

ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። ማረኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። እሷን ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ ደግሞ፣ በቋንቋዋ ለመናገር ዛሬም አስተርጓሚ ያስፈልገኛል።