እማማ ባዘቶ እና የሬዲዮው ልጅ

እማማ ባዘቶ ይህን ስም ያገኙት ከሥራቸው ነው። ፍራሽ ሰፊ ናቸው። የሰው አሮጌ ፍራሽ ተቀብለው ይተረትራሉ፤ ረግቶ ድንጋይ የሆነውን ጥጥ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘርግተው በቀጭን ዱላ ይወቁታል፤ ተነፋፍቶ እንደ ባዘቶ ሲቀልል ደግሞ መልሰው ይሞሉና በረጅም መርፌና በወፍራም ክር ዳር ዳሩን ይሰፉታል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲሉ ውለው ለራት ሲቀርቡ ፀጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ አንዳንዴም ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ አይጠፋም። ሰፈሩ ታዲያ ምን ያድርግ? እማማ ባዘቶ አላቸውና ተገላገለ። እሳቸውም ሲጠሯቸው አቤት አሉ።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከሴት ልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ነበር። አማቻቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። የቤቱ የፊት ክፍል የእሱ ሱቅ ሲሆን፣ የኋላው ክፍልና ግቢው የእማማ ባዘቶ የሥራ ቦታ ነው። «ከፊት ፀጉር ይወድቃል፣ ከኋላ ጥጥ ይበናል፣ እኔ መሐል ላይ መጥረጊያ ይዤ አረጀሁ» ትላለች ልጃቸው፣ ገና ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላት።

የቤቱ ሬዲዮ ሁለቱን ክፍሎች በሚያገናኘው መስኮት ላይ ነበር የሚቀመጠው። በሰላሙ ጊዜ ይህ ሬዲዮ የጠብ ምንጭ ነበር። አማቻቸው ኳስ ሲኖር ፊቱን ወደ ሱቁ ያዞረዋል፤ እማማ ባዘቶ ዘፈን ሲያምራቸው ወደ ጓሮ ይመልሱታል። አማትና አማች በቀጥታ ተጣልተው አያውቁም፤ ሬዲዮውን እያዞሩ ግን ሲወጋጉ ይውሉ ነበር።

ጦርነቱ መጥቶ የእማማ ባዘቶ የመጨረሻ ልጅ ሲዘምት ይህ ሁሉ ቀረ። ሬዲዮው ለሁለቱም እንዲሰማ በጎኑ ተቀመጠ፤ እንደዚያው ሆኖም ከረመ። የከሰዓቱ ዜና ሲደርስ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። አጠገባቸው ያለው ቆርቆሮ ሠሪ ከነሚስቱ ይመጣል፤ ፀጉሩን ግማሽ የተቆረጠው ደንበኛም ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል። የባትሪው ድንጋይ የደከመ እንደሆነ እማማ ባዘቶ ጥጡ አጠገብ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ትንሽ ነፍስ ዘርቶ ይመለስላቸዋል።

ዜናውን የሚያነበው አንድ ሰው ነበር። ድምፁ ወፈር ያለ፣ ግን ለስላሳ ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቻችን» ሲል እማማ ባዘቶ መርፌያቸውን ሳያቆሙ «አብሮ ይስጥልን፣ ልጄ» ይሉታል። ሲያስለው «ትኩስ ነገር ጠጣ አላልኩህም?» ብለው ይቆጡታል።

«እማማ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም» ይላል አማቻቸው።

«አንተስ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ? ላንተስ ስናገር እኖር የለም እንዴ!»

ቀልድ ይመስላል እንጂ እማማ ባዘቶ የሬዲዮውን ልጅ ከምር ይወዱት ነበር። ዜናው ስለ ድልና ስለ ማፈግፈግ፣ ሰምተው ስለማያውቋቸው ኮረብቶችና ወንዞች ያወራል፤ እሳቸው ግን የሚያዳምጡት አነባበቡን ነው። ድምፁ ከረጋ «ዛሬ ደህና ነው» ይሉና ወደ ጥጣቸው ይመለሳሉ። ከቸኮለ ዝም ይላሉ። ልጃቸው ያለበትን የማያውቁ እናት የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ፤ እሳቸው የያዙት ይህን ድምፅ ነበር።

እንዲህ እያለ የአውሮፕላን ድብደባ ይፈራ ጀመር። ከዜናው በኋላ በየቀኑ አንድ ማስታወቂያ ይነበባል፦ ከመሸ በኋላ ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይታይ መስኮቶቻችሁንና በሮቻችሁን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። ሳምንት ሙሉ ተነበበ፤ የሸፈነ ግን የለም። ቆርቆሮ ሠሪው «አውሮፕላኑ የኔን ቆርቆሮ ብሎ ነው ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣው?» ይላል። ሚስቱ ጥቁር ጨርቅ ገዝታ አጥፋ አስቀምጣዋለች፤ የሚሰቅል ጠፋ። የእማማ ባዘቶም ሴት ልጅ እንዲሁ።

አንድ ቀን ዜናው አለቀና ልጁ እንደ ወትሮው ማስታወቂያውን ቀጠለ። «ከመሸ በኋላ ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይታይ» አለ በዚያ በተከበረ ድምፁ፣ «መስኮቶቻችሁንና ባሎቻችሁን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ።»

የእማማ ባዘቶ መርፌ ቆመ። የአማቻቸው ምላጭም ደንበኛው ጉንጭ ላይ ቆመ።

ሬዲዮው ዝም አለ። ከዚያ «ይቅርታ፣ አድማጮቻችን» አለ ልጁ፤ «ለማለት የተፈለገው፣ ባሎቻችሁን... በሮቻችሁን...» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ በአፍንጫው አፈን አድርጎ ያዘው። እንደገና «መስኮቶቻችሁንና ባ...» ሲል ግን አመለጠው። ሳቀ። ትንፋሽ እስኪያጥረው፣ ጠረጴዛ ሲመታ እስኪሰማ ድረስ ሳቀ። ከዚያ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማና የማርሽ ሙዚቃ ተተካ።

የቆርቆሮ ሠሪው ሚስት ሮጣ ሄዳ ያንን ጨርቅ አመጣችና ባሏ ራስ ላይ ጣለችው። «መንግሥት ያዘዘው ነው፣ ቁጭ በል!» የእማማ ባዘቶም ልጅ የእሷን ጨርቅ ይዛ ባሏን ሱቁ ውስጥ ታሳድደው ገባች። ደንበኛው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ወንበሩ ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ። እማማ ባዘቶ ጥጡ ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበርና ያዩዋቸው ደግሞ እንደ አዲስ ጀመሩ። ሳቁ ከቤት ቤት ሄደ። ሴቱ ሁሉ ባሉን ሸፍኖ፣ ገልጦ ሲጨርስ ጨርቁ እጁ ላይ ነበርና መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ያን ምሽት መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

በማግሥቱ ዜናውን ያነበበው ሌላ ሰው ነው። በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲያ። አዲሱ አንባቢ ቃል አይስትም፤ ግን ባዶ በርሜል ውስጥ የሚናገር ይመስላል። «ታስሯል» አለ አንዱ። «ወደ ግንባር ልከውታል» አለ ሌላው። እማማ ባዘቶ ምግብ አልበላ አላቸው፤ መርፌው ጣታቸውን ይወጋቸው ጀመር።

«ሄጄ እጠይቃለሁ» አሉ አንድ ጠዋት።

«እማማ፣ ሬዲዮ ጣቢያ እኮ ነው! በሩ ላይ ወታደር ቆሟል» አለ አማቻቸው።

«የኔም ልጅ ወታደር ነው።»

አማቻቸውም ብቻቸውን እንዳይሄዱ ሱቁን ዘግቶ ተከተላቸው። እማማ ባዘቶ ባዶ እጅ የሰው ደጅ አይረገጥም ብለው አዲስ የሰፉትን ትራስ ይዘዋል።

የበሩ ጠባቂ ትራሱን አገላብጦ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው።

«ምን አለበት?»

«ጥጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላም ጥጥ።»

በዚህ መሐል የጣቢያው ኃላፊ ከመኪናው ሲወርድ ጭቅጭቁን ሰማና ቀረበ። እንቅልፍ ያጣ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። እማማ ባዘቶ ስለ ዜና አንባቢው ጠየቁት።

«ልጅዎ ነው?»

«አዎ... ስሙን ግን አላውቀውም።»

ኃላፊው ጠባቂውን አየው፤ ጠባቂው ትከሻውን ነቀነቀ። «እናቴ፣ እሱ ሰው ስለ ሞትና ስለ ሕይወት በሚያዳምጥበት ሰዓት ሳቀ» አለ ኃላፊው። «ስንቱ እናት ልጇን ልካ ተቀምጣለች! ምን ይሉናል?»

«እኔም ልኬያለሁ። ከላክሁ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሰው ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደግሞስ ሳምንት ሙሉ ስታስነብቡ ማን ሸፈነ? ማንም። ያን ምሽት ግን ከሰፈራችን ጭላንጭል አልወጣም። ልጁ ስቆ ያሸፈነውን አንተ ተቆጥተህ አታሸፍነውም።»

ኃላፊው ወደ አማቻቸው ዞረ። «እውነት ነው?»

«ጌታዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ በሙሉ አክብሮት፣ «እኔ ራሴ ተሸፍኜ ነው ያመሸሁት።»

ኃላፊው ከንፈሩን ነክሶ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ ታየ። «ኑ» አለ በመጨረሻ።

በረጅም ኮሪደር ወስዶ የዘፈን ሸክላ ወደተደረደረበት ክፍል አስገባቸው። አንድ አጭር፣ ከሲታ ሰው የሸክላዎቹን አቧራ ይጠርጋል። እማማ ባዘቶ ተላላኪ መስሏቸው አልፈውት ሊሄዱ ሲሉ «ጤና ይስጥልኝ» አለ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ! ይህን ሁሉ ድምፅ የት አስቀምጠኸው ነው?»

አቀፉት፤ ራሱ ደረታቸው ላይ ደረሰ። አለመታሰሩን ሲያዩ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ልጁ ሰው ሁሉ የተቀየመው መስሎት አንገቱን ደፍቶ ከርሞ ነበር። የጎረቤቶቹን ዓይን ሽሽት በጓሮ በር ይወጣ እንደነበር ነገራቸው። «የጽሕፈት ስህተት ነበር፣ እማማ። ያነበብኩት ሳይገባኝ ነው። የገባኝ የሚስቴን ፊት ሳስብ ነው። ቤት ስገባ ብርድ ልብስ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ።»

ትራሱን ሰጡትና «ወደ ዜናው መልሰው» ብለው ኃላፊውን ለመኑት። ኃላፊው «እናያለን» ብቻ አለና ሸኛቸው።

እናያለን ማለት ብዙ ጊዜ አናይም ማለት ነው። ኃላፊው ግን አየ። ልጁ ወደ ዜናው ባይመለስም፣ ቤተሰብ ለዘመቱ ልጆቹ ሰላምታ የሚልክበት የከሰዓት ፕሮግራም ተሰጠው። በመጀመሪያው ሳምንት ማንን ቢጋብዝ ጥሩ ነው? መኪና ልኮ እማማ ባዘቶን አስመጣቸው።

ድምፅ ማጉያው ፊት ሲቀመጡ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጡ። ቤት ሬዲዮው ሥር የተሰበሰበው ሰው ትንፋሻቸውን ብቻ ሰማ። «ይኸው ተአምር» አለ አማቻቸው። ያኔ ልጁ እጃቸውን ያዝ አደረጋቸውና ጀመሩ፦

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነን። እህትህ ደህና ናት። ያ ፀጉር አስተካካይም አለ፣ ደግ ሰው ሆኗል። አንተ ብቻ እግርህ እርጥበት እንዳይነካው። ካልሲህን ቀይር። ካልሲህን ቀይር፣ ልጄ።»

ቤት ውስጥ አማቻቸው መስታወቱን ሊወለውል ፊቱን አዞረ። ንጹሕ ነበር፤ ብዙ ወለወለው።

ጦርነቱ ከዚያም በኋላ ቆየ፣ አለቀም። ልጃቸው ከስቶ፣ አንድ ጆሮው ትንሽ ደንቁሮ፣ ግን በእግሩ እየሄደ ገባ። ለቅሶውና መተቃቀፉ ሲበርድ የእማማ ባዘቶ የመጀመሪያ ጥያቄ «ድምፄን ሰማኸው?» የሚል ነበር።

«እኔስ አልሰማሁም፣ ጥበቃ ላይ ነበርኩ» አለ። «ጓደኞቼ ግን ሁሉም ሰምተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። ካልሲ ተባልኩ። አዛዡ ሳይቀር ሰልፍ ላይ ‹ካልሲ፣ ቀይረሃል?› ይለኛል።»

«ታዲያ ቀየርክ?»

«ሠራዊት በሙሉ እየጠየቀኝ ምን ምርጫ ነበረኝ!»

እማማ ባዘቶ ከዚህ በላይ የሚያስደስት መልስ አልፈለጉም።

የሬዲዮው ልጅና ሚስቱ የቤቱ ዘመድ ሆነው ቀሩ። ብዙ እሁድ ምሳ አብረው ይበላሉ። ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል፤ አማቻቸው ይከራከራል፣ ካልሲ ይተርካል፣ እማማ ባዘቶ ሁለቱንም ያርማሉ። እንግዳው ብቻ በልቶ ዝም ይላል።

«ምነው አንተ፣ አፍህን ለሬዲዮ ቆጥበኸው ነው?» አሉት አንድ ቀን።

«ኧረ አይደለም፣ እማማ» አለ እየሳቀ። «እዚህ ቤት ተራ አይደርሰኝማ!»